እትዬ ዋጋዬ የፈቱት ጉንጉን

ዛሬ እንጅባራ የምንላት ከተማ ኮሶበር ትባል በነበረበት ዘመን፣ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ገደማ፣ ከገበያው በላይ ካሉት የሣር ቤቶች በአንዱ ሹሩባ ሠሪዋ እትዬ ዋጋዬ ይኖሩ ነበር። ረዥም፣ ቀጭን፣ ሳቂታ ሴት ነበሩ። ትውልዳቸው ዘንገና ነው፤ ሲቆጡ በአገውኛ፣ ሲያባብሉ በአማርኛ ይናገራሉ። ሲሠሩ እሳቸው በርጩማ ላይ፣ ተሠሪዋ ከእግራቸው ሥር አጎዛ ላይ ትቀመጣለች። ፊት ለፊት መተያየት የለም። እንዲያ ጀርባ ሰጥታ የተቀመጠች ሴት ለንስሐ አባቷ ያልነገረችውን ሁሉ ታወጣው ነበር።

አንድ ሕግ ነበራቸው። በገዛ ገላዋ ላይ ክፉ የተናገረች እንደሆነ፣ ተጎንጉኖ ካለቀው አንዱ ይፈታባታል።

«እኔ በእጄ የሠራሁትን አንቺ በምላስሽ ካፈረስሽው፣ በይ አብረን እናፍርሰው» ይሉና መፍታት ይጀምራሉ።

ይህ ሕግ ሁሉንም አላቀናም። የጫግኒ ነጋዴ ሚስት የነበረችው ወይዘሮ ስሜነሽ «ይህ ጉንጬ እንደ ዱባ»፣ «ይህ አንገቴ ወዴት ገባ» እያለች ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጣ፣ ግማሽ ራሷ ብቻ ተሠርቶ በሻሽ ሸፍና ሄደች። ዳግመኛም አልመጣችም። እትዬ ዋጋዬ ግን ሕጋቸውን አላላሉም። ምክንያቱን መንደሩ ያውቀዋል። በልጅነታቸው የተዳሩበት ቤት «ሥጋ የላትም፣ ሸንበቆ ናት» ብሎ ወደ አባታቸው ቤት መልሷቸው ነበር። ዘንገና ተመልሰው ሰው እንዳያያቸው ስንት ጊዜ ፀሐይ ሳትጠልቅ ውኃ ሳይወርዱ እንደኖሩ ራሳቸው ይናገሩታል፤ እየሳቁ ነው የሚናገሩት።

«አንዷን ጎተራ ይሏታል፣ ሌላዋን ሸንበቆ» ይላሉ። «እኔ ሁለቱንም አንድ ዓይነት ቅቤ ነው የምቀባቸው።»

ጥር ላይ ጎረቤታችን በቀለች ሴት ልጇን የሻረግን ለሠርጓ ልታሠራት ይዛት መጣች። ሠርጉ ለእሑድ ነው። የሻረግ ትከሻዋ ሰፊ፣ ዳሌዋ ሰፊ፣ ሳቋም ሰፊ የነበረ ልጅ ናት፤ የዚያን ቀን ግን ሳቁ የለም፣ ከንፈሯ ደርቋል። አጎዛው ላይ ተቀመጠች።

«ምን ሆነች?» አሉ እትዬ ዋጋዬ ሚዷቸውን እያነሡ።

«ኮሶ ጠጥታ ነው» አለች በቀለች።

«ትል ታይቶባት?»

«ኧረ አልታየባትም። ትንሽ ብትቀንስ ብዬ ደጋገምኩላት እንጂ።»

እትዬ ዋጋዬ ሚዶውን አስቀመጡ። ተነሥተው ከጓዳ የገብስ ቂጣና እርጎ አመጡ። «ባዶ ሆድ ይዛ የተቀመጠች ሴት ራስ ላይ እጄ አይሄድልኝም። ብዪ» አሏት። የሻረግ መጀመሪያ አንገራገረች፤ ኋላ ቂጣውን ጨረሰችው።

ሥራው ተጀመረ። የግንባሩ ረድፍ ሲያልቅ ልጅቷ በቀስታ፣ «እትዬ፣ እርስዎ በከንቱ እየደከሙ ነው። እኔ እሑድ እዚህ አልገኝም። ነገ ማለዳ ወደ አዘና፣ አክስቴ ዘንድ እሄዳለሁ» አለች።

በቀለች ደረቷን መታች። «ምን አልሽ አንቺ!»

«ቢሻው ሊያዝለኝ አይችልማ!»

ያገሩ ወግ ነው፤ አንደኛው ሚዜ ሙሽራዋን ከጓዳ አዝሎ በቅሎዋ ላይ ያወጣታል። በመንገድ ላይ እግሯ መሬት ከነካ ወሬው ከሠርጉ ይተርፋል። የሙሽራው የአበረ አንደኛ ሚዜ ቢሻው ደግሞ ቀልደኛ ነው፤ ጠላ ቤት ተቀምጦ «ቃሬዛ ይዘን እንሄዳለን» ማለቱ ለየሻረግ ጆሮ ደርሷል።

«እውነቱን ነው» አለች። «ይህን የመሰለ ጉድ ማን ይሸከማል?»

የእትዬ ዋጋዬ ጣቶች ወደ ኋላ ሄዱ። አንዱ ጉንጉን ተፈታ።

«እትዬ!»

«ቃሬዛ ያለው ቢሻው ነው። እሱ የቢሻው ነው፣ ለሱ እንተውለት። ጉድ ያልሽው ግን አንቺ ነሽ። እስቲ የሰውን ቃል ትተሽ ያለውን ንገሪኝ።»

«ያለውማ... ወፍራም ነኝ።»

እዚያ የተቀመጥነው ሁሉ እንግዲህ ሌላው ሊፈታ ነው ብለን ስንጠብቅ እጃቸው መጎንጎኑን ቀጠለ። «እሱማ ነሽ። እኔም ቀጭን ነኝ። ይህ ስድብ አይደለም። ቀጥዪ፤ በዚህ ገላሽ ምን ሠራሽበት?»

ከልጅቷ በፊት እናቷ ከበሩ አጠገብ፣ መሬት መሬቱን እያየች፣ «በክረምት እኔን አዝላ ወንዝ አሻግራኛለች» አለች። «ቁርጭምጭሚቴ ዞሮ፣ ወንዙ ሞልቶ፣ ወንዶቹ ይጉደል ብለው ዳር ቆመው ነበር። እሷ አዘለችኝና ገባች። ውኃው ደረቷ ድረስ ነበር፤ አልተነቃነቀችም።» ከዚያ ነጠላዋን ዐይኗ ላይ አደረገች። «እኔም ይህን ጀርባ ኮሶ አጠጣሁት።»

«ሰማሽ?» አሉ እትዬ ዋጋዬ።

«ሰማሁ» አለች የሻረግ። ራሷን ወደ እጃቸው መለሰችና፣ «እትዬ፣ ያንን የፈቱትን መልሰው ይሥሩልኝ» አለች።

እሑድ ከቀትር በኋላ ፈረሰኞቹ ደጁን ሞሉት። ቢሻው ጓዳ ገብቶ እጁን እያሻሸ፣ ሰው እንዲሰማው ጮክ ብሎ፣ «ጎበዝ፣ ሁለት ሰው ጨምሩልኝ!» አለ። ወንዶቹ ሳቁ። በቀለች አንገቷን ደፋች። እትዬ ዋጋዬ ከምሰሶው ተደግፈው ልጅቷን ያያሉ።

ሙሽራ አይናገርም፣ ዐይኗን ሰብራ ትቀመጣለች እንጂ። የሻረግ ቀና አለች።

«ቢሻው፣ እኔ እናቴን አዝዬ የሞላ ወንዝ ተሻግሬያለሁ። አንተ እኔን ደጅ ማሻገር ከከበደህ አትፈር፣ ተናገር። በእግሬ እሄዳለሁ።»

ከሴቶቹ መካከል አንዷ እልል አለች፣ ሌሎቹም ተከተሏት። ከውጭ አንድ ሽማግሌ፣ «ኧረ አንተ ልጅ፣ ወይ እዘል ወይ ለሰው ልቀቅ!» ብለው ጮኹ።

«ምን አልኩ እኔ!» አለ ቢሻው ጆሮው ቀልቶ፣ ወገቡን በነጠላው እያሰረ። «ነዪ እህቴ፣ በሞቴ ነዪ።»

የበሩ ደፍ ላይ ተንገዳገደ። የሻረግ በጆሮው፣ «ቀስ በል፣ አልቸኮልንም» አለችው። በቅሎዋ ድረስ አደረሳት፤ እግሯም መሬት አልነካም።

በሚቀጥለው ዓመት የጥምቀት ሰሞን ያ ቢሻው አንዲት ከሲታ እህቱን ከኋላው አስከትሎ እትዬ ዋጋዬ ደጅ ቆመ።

«ከቤት አልወጣም ብላ ነው እትዬ። ሸንበቆ እያሏት።»

«ማን ነው የሚላት?»

ቢሻው ራሱን አከከ። «እኔም ብያለሁ እንግዲህ።»

«እሷ ትግባ» አሉ እትዬ ዋጋዬ፣ አጎዛውን እያራገፉ። «አንተ እንጨቱን ፍለጥልኝ።»