እቴቴ ወርቄ ደጅ የቀሩበት ቀን

ባለፈው እሑድ አንዲት የድሮ ጎረቤቴ የልብ ቀዶ ጥገና ልታደርግ ነው ሲሉኝ፣ አጥሚት በፔርሙስ ይዤ ኮዬ ፈጬ ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ እያለከለክሁ ስደርስ ልጇ በሩን ገርበብ አድርጋ «ይቅርታ እትዬ፣ ሐኪሙ ሰው አይግባ ብሏል» አለችኝ። ፔርሙሱን ተቀበለችና በሩን ዘጋችው። ደሜ ፈላ። ደረጃው ላይ እንደቆምኩ ግን አቃቂ ያለው የአባቴ ቤት ትዝ አለኝ።

ያኔ ገና የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኛ ነበር። የልቡ ደም ሥሮች ተደፍነው፣ ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞች ቀዶ ጥገና እንዲያደርጉለት ተራ ደርሶት ነበር። ካመለጠው መቼ እንደሚመለሱ አይታወቅም፤ ልቡም ጊዜ አይሰጥም። ሐኪሙ ነገሩን አስረዳኝ፦ ልቡ ሲጠገን ደሙ በማሽን ቱቦ ውስጥ ይዞራል፤ ያን ጊዜ ሰውነቱ በሙሉ ይቆጣል፣ ሳንባው ያብጣል። ማብረጃ መድኃኒት ይሰጠዋል። ጉንፋን ይዞ ከመጣ ግን በእሳት ላይ ቤንዚን ነውና አይነኩትም።

ልቡን እንዳይመርዘው የበሰበሰ ጥርሱን አስነቀልኩ። ሲጋራውን ነጠቅኩት። የቀረኝ ጠያቂ ነበር። በእኛ ሰፈር የታመመ ሰው አልጋ ዙሪያ ሰው ካልሞላ ዘመድ የለውም ይባላል። ወሩ ደግሞ ኅዳር ነው፣ አቧራና ብርድ፤ ሰፈሩ በሙሉ ያስላል፣ እያሳለም ጉንጭ ይስማል። የቆርቆሮውን በር ቆልፌ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። የመጣውን ሁሉ ሲድን ትጠይቁታላችሁ እያልኩ መለስኩ። ጥጋበኛ ተባልኩ፤ ይባል!

አንድ ቀን ከሰዓት የአባቴ ታላቅ እህት እቴቴ ወርቄ ከቢሾፍቱ መጡ። አባቴን አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ትኩስ ድፎ ዳቦ ታቅፈዋል፤ ያስላቸዋል። በበሩ ክፍተት ነገሩን ነገርኳቸው።

«ወንድሜን ልየው እንጂ ልበላው ነው?» አሉ።

«እቴቴ፣ ጉንፋኑ ከያዘው ቀዶ ጥገናው ይቀራል። ከቀረ ይሞታል። አልከፍትም።»

አባቴ ድምፃቸውን ሰምቶ ከውስጥ «እህቴን ክፈቺላት» አለ። ቁልፉን ጡት ማስያዣዬ ውስጥ ሸጎጥኩት እንጂ አልከፈትኩም። ዳቦውን ደጃፉ ላይ አስቀምጠው እያለቀሱ ሄዱ። አባቴ እስከ ቀዶ ጥገናው ዕለት አኮረፈኝ።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሰውነቱ መቆጣቱ አልቀረም፤ አበጠ፣ አተኮሰው። ግን ብዙም ሳይቆይ በረደለት፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ኖረ። እቴቴ ወርቄ ግን በሽማግሌ ከታረቅን በኋላም ያንን ግቢ አልረገጡም፤ ወንድማቸውን የሚያገኙት ቤተ ክርስቲያን ነበር። ቂመኛ ናቸው እል ነበር።

እሑድ ደረጃውን ስወርድ እንባዬ መጣ። ያን ቀን ምን ያህል እንደከፋቸው የገባኝ ገና አሁን ነው። ቢሆንም፣ ያ ቀን ቢመለስ ዛሬም አልከፍትላቸውም።