እምቢ ለማለት መሄድ

ከሸሪዓ ፍርድ ቤት የወጣውን መጥሪያ ለእህቴ ያመጣላት የባሏ አጎት ነበር። ባሏ ፍቺውም የቤቱም ጉዳይ እዚያ እንዲያልቅ ፈልጓል። ቤቱ ሆሳዕና ውስጥ በትዳራቸው የሠሩት ነው፤ እሱ ግን ቦታውን የሰጠኝ አባቴ ስለሆነ ቤቱ የኔ ብቻ ነው ይላል። እህቴ መጥሪያውን ምድጃ ውስጥ ልትከተው ስትል ቀማኋት።

«እግሬን አላነሳም!» አለች። «ከሌሞ ጭዱን በጋሪ ያስመጣሁት እኔ፣ ጭቃውን የረገጥኩት እኔ፣ ግድግዳውን የመረግሁት እኔ!»

የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ፤ ማስረዳት ይቀናኛል። በሀዲይኛ ስንጨቃጨቅ ቆይተን ሕጉ ላይ ስንደርስ ወደ አማርኛ ዞርኩ።

«ሁለት ነገር ለይተሽ እዪ። እዚያ የሚታየው ሁለታችሁም ከፈቀዳችሁ ብቻ ነው። ቀርበሽ አልፈቅድም ካልሽ መደበኛው ፍርድ ቤት ያየዋል። መጥሪያ ደርሶሽ ከቀረሽ ግን እንደፈቀድሽ ይቆጠራል።»

«ቀርቼ ፈቀድኩ?»

«አዎ።»

«እምቢ ለማለት ሄጄ ደጅ ልጥና?»

«አዎ።»

«ደመወዝ የሚከፍሉህ ይህን እንድታስተምር ነው?» ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

በቀጠሮው ቀን ግን ቀድማኝ ለብሳ ጠበቀችኝ። ስንደርስ ባሏና አጎቱ የሸሪዓ ፍርድ ቤቱ ደጅ ላይ ቆመዋል።

«መምህር፣ ጠመኔህን ረሳህ እንዴ?» አለኝ አጎትየው። ባሏ ሳቀ። የምትቀር መስሎት እንደነበር ግን ፊቱ ያስታውቅ ነበር።

ቃዲው ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ጉዳዩ እዚህ እንዲታይ ትፈቅጃለሽ ወይ ሲሉ ጠየቋት።

«አከብርዎታለሁ፤ ግን አልፈቅድም።»

«ሙስሊም ነኝ እያለች!» ብሎ አጎትየው ጮኸ።

«አንተን ማን ጠየቀህ? መብቷ ነው» አሉት፤ መዝገቡም ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት እንዲሄድ አዘዙ።

ውጭ ስንደርስ ባሏ መንገዱን ዘግቶ እጁን ዘረጋ። «የቤቱን ቁልፍ!»

ቁልፉ በሻሿ ጫፍ ተቋጥሯል። እኔ «ፍርድ ቤቱ እስኪወስን ድረስ…» ብዬ ስጀምር፣ «አንተ ዝም በል» አለችኝ ሳትዞር። ከዚያ ለእሱ፦ «ዳኛው ስጪ ሲለኝ እሰጥሃለሁ።»

«ለኔ ሲፈርድልኝ እናያለን!»

«እናያለን። አሁን አሳልፈኝ፣ ቤቴ ልግባ።»

አላሳለፋትም። ቋጠሮውን በጡጫዋ ጨብጣ በጎኑ ዞራ ሄደች።