የፐርል ሥራ

ዱዌን ሄልግሰን ዕድሜውን ሁሉ ወንዝ ላይ ያሳለፈ ሰው ነው። ገና በጉርምስናው በሩቅ አገር፣ ቡናማ ወንዝ ላይ፣ በጦር ጀልባ ተዋጋ፤ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ሥራ የጠፋ ይመስል ሚሲሲፒ ላይ የጭነት ጀልባ ገመድ አሳሪ ሆነ። ሁለቱ ወንዞች በእንቅልፉ ውስጥ ይገናኛሉ። ውሃው አንድ ነው፣ ጉሙም አንድ ነው። እጁ ላይ ገመድ አለ፤ ከገመዱ ማዶ፣ ጉሙ ውስጥ፣ አንድ ሰው ይዞታል። ገመዱ ቀስ እያለ ከመዳፉ ይሾልካል። ያ ሰው ማን እንደሆነ ዱዌን ያውቃል፤ ስሙን ግን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

ፐርል የመጣችው ለዚህ ነው። ቢጫ ላብራዶር ናት። ያሠለጠኗት ሰዎች፣ ዱዌን ሲቃዥ አልጋው ላይ ዘልላ ደረቱን እንድትጫነው አስተማሯት፤ እሷም ለዓመታት ሳታጓድል ሠራች። እርጅና ግን ለሰውም ለውሻም አያዳላም። ወገቧ ከዳት፣ ጆሮዋ ደነቆረ፣ ዝላዩም ቀረ። ይባስ ብላ ራሷ መቃዠት ጀመረች። ዱዌን በእንቅልፉ መሀል ለቅሶዋን ይሰማና ይነቃል፤ እጁን ወደ ግርጌ ሰዶ "አይዞሽ ፐርልዬ፣ ሕልም ነው፣ አለሁልሽ" ይላታል። ዝም ትላለች። እሱም ተመልሶ ይተኛል።

በዚያ መኸር ከቤቱ ደረጃ ላይ ደጋግሞ ወደቀ። ከወንዙ በላይ ኮረብታው ላይ፣ መንግሥት ለቀድሞ ወታደሮች በሚያስተዳድረው መኖሪያ ክፍል ተሰጠው። ያልተወሰነው የፐርል ጉዳይ ብቻ ነበር። መኖሪያው የቤት እንስሳ አያስገባም፤ ሕመምተኛን ለመርዳት የሠለጠነ ሠራተኛ ውሻ ግን ያስገባል። ለዚህ ወረቀት አይጠየቅም፣ "እስቲ ሥራዋን አሳየን" አይባልም። በር ላይ ሁለት ጥያቄ ብቻ አለ፤ ውሻዋ ለሕመምህ ታስፈልግሃለች ወይ? ምን እንድትሠራ ነው የሠለጠነችው? እንዲህ ያለ ደንብ ለውሸታም ሰርግና ምላሽ ነው። ለዱዌን ግን ፈተና ሆነበት።

የሚገባበት ቀን ጠዋት ወንዙ ጉሙን ኮረብታው ድረስ ልኮት ነበር። በሩ ላይ ሌስተር በተሽከርካሪ ወንበሩ ተቀምጦ ጠበቀው። ድሮ አንድ ጀልባ ላይ አብረው ሠርተዋል፤ እዚህ ቀድሞት የገባው እሱ ነው።

"አንተ ሽማግሌ፣ አለህ እንዴ?"

"አንተን ሳልቀብር የት እሄዳለሁ?"

"ስማኝ፣ ስትጠየቅ 'ከቅዠት ትቀሰቅሰኛለች' በል። አለቀ!"

"አትቀሰቅሰኝማ። አሁን ቀስቃሹ እኔ ሆኛለሁ።"

"ታዲያ ውሻዋ ልትመሰክርብህ ነው?"

ዱዌን ሳቀ። ቀዩን የሥራ ሰደርያዋን ብብቱ ሥር ይዞታል። ሰደርያ የለበሰችን ውሻ ማንም አይነካም፣ ማንም አያባብላትም፤ ሥራ ላይ ናትና። ዱዌንም ሥራ ላይ ካልሆነች አልብሷት አያውቅም። ያን ጠዋት ቤቱ ውስጥ ሰደርያውን ይዞ ብዙ ቆየና ሳያለብሳት መጣ።

ጥያቄውን የምትጠይቀው ትሪሽ የምትባል ጥበቃ ነበረች። እሷም ወታደር ነበረችና ስትቀመጥ እንኳ ቀጥ ብላ ነው።

"ሚስተር ሄልግሰን፣ ውሻዋ ለሕመምዎ ታስፈልግዎታለች?"

"በጣም።"

"ምን እንድትሠራ ነው የሠለጠነችው?"

ሌስተር ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ከቅዠት እንድትቀሰቅሰኝ ነበር፣ ልጄ። አሁን ግን አርጅታለች፣ ደንቁራለች። የምትቃዠው እሷ ናት፣ የምቀሰቅሳት እኔ። መዋሸት አልችልበትም።"

"ኧረ በፈጠራችሁ!" ብሎ ሌስተር ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፋ።

ትሪሽ ከፋት። "ሥራዋን ካቆመች እኮ የቤት እንስሳ ናት፣ ሚስተር ሄልግሰን። አለቃዬን ላናግር፤ ግን ተስፋ አልሰጥዎትም።"

"እሷ ካልገባች እኔም አልገባም" አለ ዱዌን። ቤቱ ቢመለስ ግን ያ የሚወድቅበት ደረጃ እንደሚጠብቀው ያውቃል።

እዚያው መግቢያው ላይ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ፤ ፐርልም እግሩ ሥር ተጋደመች። ማሞቂያው ይሞቃል፣ ከመስታወቱ ውጭ ከጉም በቀር ምንም የለም። ጉሙ መስታወቱን አልፎ የገባ መሰለው። ወለሉ ውሃ ሆነ፣ ውሃው ቡናማ ሆነ፣ ገመዱም እጁ ላይ ነበር። ማዶ ያለው ሰው በስሙ ጠራው። ገመዱ መሾለክ ጀመረ። ያኔ ከሩቅ፣ ከወዲያኛው ዳር፣ የውሻ ለቅሶ መጣ። ፐርል ቃዠች፣ ልድረስላት አለ በልቡ፤ ወንዙን ትቶ ወደ ድምፁ ዞረ።

ዓይኑን ሲገልጥ እጁ ራሷ ላይ ነበር። "አይዞሽ ፐርልዬ፣ ሕልም ነው፣ አለሁልሽ።"

ትሪሽ ስልኩን እንደያዘች ቆማ ታየዋለች። ሌስተርም ኮፍያውን አንሥቷል።

"ሚስተር ሄልግሰን፣ ማነው የቃዠው?" አለች።

"ፐርል ናታ! ስታለቅስ አልሰማሽም?"

"ሰምቻለሁ። ዓይኗ ግን አልተከደነም ነበር።"

"አንተ ነህ እንጂ!" አለ ሌስተር። "እጅህ መወራጨት ሲጀምር ቀና አለች። ተነሥታ ተደገፈችህ፤ አልነቃ ስትላት አለቀሰች። አንተ ደግሞ ተነሥተህ እሷን አይዞሽ አልካት! ከሁለታችሁ ደንቆሮው ማነው?"

ዱዌን ጎንበስ ብሎ አየ። ፐርል መላ ክብደቷን ቅልጥሙ ላይ ጥላ ቆማለች። መዝለል ሲያቅታት የራሷን ዘዴ አግኝታ ኖሯል፤ በጆሮዋ የማትሰማውን በጎኗ ትሰማዋለች። እሱ ግን ባጽናናት ቁጥር ያዳናት መስሎት ነበር። አፈረ፣ ደስም አለው፣ እንባውንም አልደበቀም።

"ሥራዋን አሳዩኝ ማለት አልችልም፣ አላልኩም" አለች ትሪሽ። "ጥያቄዬን ግን ልድገመው። ምን ትሠራለች?"

"ትቀሰቅሰኛለች" አለ ዱዌን። "እኔ አላወቅሁላትም እንጂ፣ አንድም ቀን አላቆመችም።"

ሰደርያውን ከብብቱ አውጥቶ አለበሳት። ሌስተር ጆሮዋን ሊያሽላት እጁን ሲዘረጋ ዱዌን መታ አደረገው።

"ተው፤ ሥራ ላይ ናት።"