ወፏ ውስጥ ምን ይገባል?

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር። መታወቂያዬ ስልሳ ስምንት ይላል፤ የጻፈው ልጅ ቸኩሎ ነበር፣ እኔም ተመልሼ እንዳልከራከር ሰልፉ ረዘመብኝ። በዚያ ክረምት አንድ ጠዋት የሱቄን በር ልከፍት ስል ቀኝ እጄ ቁልፉን ለቀቀው። አጎንብሼ ላነሳው ብል እኔም አብሬው ወረድኩ። ስትሮክ ነው አሉኝ። እግሬ በሁለት ሳምንት ተመለሰ፤ ምላሴ ከዚያም ቀደም ብሎ። ሚስቴ "ተራውን ማን እንዳወጣው እንጃ፣ መጀመሪያ ምላስ!" ትላለች። ቀኝ እጄ ግን እንደታጠበ ካልሲ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ሐኪም ቤት የሰነፈ እጅ የምታሠራ አንዲት ወጣት ልጅ አለች። ክብደት ታስነሳኛለች ብዬ ስጠብቅ አራት ማዕዘን ነጭ ወረቀት ፊቴ አስቀመጠች።

"አባባ፣ ዛሬ ወፍ እንሠራለን።"

ዞር ብዬ አየሁ፤ ከኋላዬ ሕፃን የገባ መስሎኝ ነበር።

"ጃፓኖች የሚሠሩት ነው" አለች። "አውራ ጣትና ሌባ ጣት ያበረታል። ግራ እጅዎ ወረቀቱን ይዞ ከመቆም ሌላ ሥራ የለውም። ሲያጥፉ በአውራ ጣትዎ ጥፍር ይጫኑት፤ ጠርዙ ካልሰላ ወፍ አይሆንም።"

"ልጄ፣ እኔ አርባ ዓመት ወረቀት አጥፌያለሁ። ፌስታል ሳይመጣ በፊት ጨውም በርበሬም በወረቀት ጠቅልዬ ነው የሸጥኩት። እኔ በማጥፈው ወረቀት ውስጥ ጨው ይገባል። ወፏ ውስጥ ምን ይገባል?"

"ምንም አይገባም። መዋዕለ ሕፃናት ያሉ ልጆች እንኳ ይሠሩታል" አለችና ፈገግ አለች።

ያቺን ፈገግታ ያዝኩባት።

ጥዬ መውጣት የለመደብኝ ሰው ነኝ። ያን ቀን ያስቀመጠኝ መስቀል ነው። እኛ ጉራጌዎች መስቀልን እንዴት እንደምናከብር ሐዋሳም ያውቃል፤ በዚያን ሰሞን ሱቆቻችን ሲዘጉ ከተማው ስኳር ያጣል። የዚያን ጊዜ ዘመዱ ሁሉ አገር ቤት መሄዱን ትቶ እዚሁ ሐዋሳ፣ ታቦር ሰፈር እኔ ቤት ሊሰበሰብ ተስማምቶ ነበር። ክትፎው ሲቀርብ ታላቁ መርቆ፣ የኮባ ቅጠል እንደ ማንኪያ አጥፎ፣ በቀኝ እጁ ዝቆ ሳይቀምስ ማንም አይነካም። ታላቁ እኔ ነኝ። ታላቁን ደግሞ በዚያን ጊዜ ሚስቱ እንደ ጫጩት ታጎርሰው ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ይህን አገር ቤት ሆኖ ሰማ። ወዲያው ደወለ።

"ጋሼ፣ ምንም አይጨነቁ፣ ዘንድሮ እኔ እቀምስልዎታለሁ።"

ድምፁ ውስጥ ሐዘን ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ዕድሜውን ሙሉ ታናሽ ሆኖ የኖረ ሰው አንዴ ከቀመሰ ያቺን ተራ መቼም አይመልሳትም።

ስለዚህ ወፍ አጠፍኩ። የመጀመሪያዋን ለሚስቴ አሳየኋት። አገላብጣ አየቻት።

"አንገቷ የታለ?"

"ይኸው።"

"እኔማ ኮሮጆ መስሎኝ! አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ዓሣ ገበያ ቆሞ አንጀት የሚጠብቀው አባ ኮዳ ነው። እሱ እንኳ ሲያባርሩት ይበራል።"

ለሚቀጥለው ቀጠሮ ሃያ ወፍ አምጣ ተብዬ ነበር። ሰባተኛዋ ላይ እጄ እምቢ አለኝ። አፍሬም ቢሆን ሚስቴን ለመንኳት። ስትስቅብኝ የነበረችው ሴትዮ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አሥራ ሦስቱን ደረደረችው፤ ክንፋቸው ምላጭ ነው። በቀጠሮው ቀን ልጅቷ ከፌስታሉ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ በሁለት ረድፍ ለየቻቸው፤ ሰባት ወዲህ፣ አሥራ ሦስት ወዲያ። አንዷን እንኳ አልሳተችም።

"የባለቤትዎ እጅ በጣም ጤነኛ ነው" አለችኝ። "ክትፎውን ታዲያ እሳቸው ይቅመሱልዎ?"

የመስቀሉን ጉዳይ ነግሬያት ነበር። ምላሴ መቅደሙ እዚህ ላይ ጎዳኝ።

ተናደድኩ። ንዴት ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ፋርማሲዎች የማይሸጡት ትርፍ ስለሌለው ይሆናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቁ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ያለፈ ወር ካሌንደር፣ የሳሙና መጠቅለያ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ወፍ አደረግሁት። ሰው "ዘይት አለ?" ሲለኝ "ወፍ ነው ያለው" እላለሁ። የባጃጅ ሾፌሮቹ ሲያልፉ "አባባ፣ እንቁላል መጣል ጀመሩልዎ?" ይሉኛል። ወፎቼ እስከ መጨረሻው አላማሩም። ግን ጭራቸው ላይ ጠርዝ መታየት ጀመረ፤ ያ ጠርዝ የቀኝ አውራ ጣቴ ነው።

መስቀል ደረሰ። ክትፎው ቀረበ። መረቅሁ፤ ምርቃቱንም አሳጠርኩት፤ የወንድሜ እጅ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁና። ቅጠሉን ሳነሳ አንዴ አመለጠኝ።

"ጋሼ፣ ማንኪያ ላምጣልዎ?" አለ፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ።

ቅጠሉን አጠፍኩ፣ እንደ ወፏ ጭራ በጥፍሬ ተጫንኩት፣ ዛቅኩ። ግማሹ ጋቢዬ ላይ ወረደ፣ ግማሹ አፌ ገባ። ለመቅመስ ግማሹ ይበቃል። ቀጥዬ ሌላ ቅጠል አጠፍኩና ወንድሜን አጎረስኩት፤ ለጥቂት ጊዜ መናገር እንዳይችል ትልቅ አድርጌ።

በማግስቱ ጠዋት የኮባ ቅጠል በብብቴ ይዤ ሐኪም ቤት ልጅቷ ዘንድ በባጃጅ ሄድኩ። ቆራርጬ ፊቷ አስቀመጥኩላት።

"ዛሬ ማንኪያ እንሠራለን" አልኳት። "እኛ ዘንድ ጥርስ ያላበቀሉ ልጆች እንኳ ይሠሩታል።"

ሳቀችና አጠፈች፤ ተሰነጠቀባት። ሁለተኛውም ተሰነጠቀ፣ ሦስተኛውም። ቅጠሉ መጀመሪያ እሳት ላይ አልፎ መለስለስ እንዳለበት የነገርኳት ከአራተኛው በኋላ ነው።