ቀጭን ዝንጅብል

ወይንሸት ሰይፈ ሚካኤል በዕድሜዋ ስንት ሰው እንዳበላች እሷም አታውቀውም። በድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ በነበረው ምግብ ቤት ሃያ ስምንት ዓመት ወጥ ሠርታለች። ከጅቡቲ የመጣው ነጋዴ፣ ወደ አዋሽ የሚሄደው ወታደር፣ ሕፃን ያዘለችው እናት ሁሉ ከእጇ በልቶ አልፏል። ባሏን ገብረወልድንም ያገኘችው እዚያው ነው። የባቡር መካኒክ ነበር። አንድ ቀን ግራሶ የነካው እጁን ይዞ ገበታ ላይ ሲቀመጥ፣ “መጀመሪያ ታጠብ” ብላ አባረረችው። ታጥቦ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ከአጠገቧ አልጠፋም።

እንዲህ ያለችው ሴት በስድሳ አራት ዓመቷ እህል አልወርድ ሲላት፣ ነገሩ ከሕመም ይልቅ ውርደት ሆኖ ተሰማት።

የጀመራት በፋሲካ ነው። ሁዳዴን ጾማ ከርማ ዶሮዋን ሠራች። ገብረወልድ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ልጅዋ ሩቅ ናት፤ ወይንሸት ግን ትንሽ ወጥ መሥራት እጇ አያውቅበትም። ድስቱ ሙሉ ሆነ። መድፋት ኃጢአት ነው ብላ ያንን ቅባት ያለው ወጥ አራት ቀን ሙሉ ብቻዋን በላችው። በአምስተኛው ቀን ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፋ፤ ደረቷ ላይ ቃር ቆመ።

ጤና ጣቢያ ሄደች። መርምረዋት፣ ለክፉ የሚሰጥ ነገር እንደሌለባት ነገሯት። ክኒን ሰጧት፤ “ጥቂት ጥቂት ይብሉ፣ ከሚያቃጥል ነገር ይራቁ፣ ካልተሻለዎት ይመለሱ” አሏት። እሺ ብላ ወጣች፤ ክኒኑንም ዋጠች። ልቧ ግን የእናቷን መድኃኒት ነበር የሚያምነው። እናቷ የመንዝ ሰው ነበሩ፤ “የማያንገበግብ መድኃኒት፣ መድኃኒት አይባልም” ይሉ ነበር። ስለዚህ ወይንሸት ደረቅ ዝንጅብል ወቀጠች፤ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ጨመረችበት፤ ውሃው እስኪጠቁር ቀቀለችው። ጠዋት ጠዋት እህል ሳትቀምስ ሦስት ስኒ ትጠጣለች። ሲያቃጥላት “እየሠራ ነው” ትላለች። ሲብስባት ደግሞ “አንሶ ነው” ትልና ትጨምርበታለች።

በሦስተኛው ሳምንት ልጅዋ የምሥራች ከአዲስ አበባ በስልክ ምስል አየቻት።

“እማዬ፣ ስልኩን እስቲ ወደ ፊትሽ አቅርቢው። ጉንጭሽ የት ሄደ?”

“መብራቱ ነው።”

“መብራት ጉንጭ ይበላል እንዴ?”

ሐሙስ ዕለት መጣች። ሻንጣዋን ሳታወርድ እናቷን አቅፋ፣ ጀርባዋን በእጇ ዳሰሰች። ከዚያ ቁጭ ብላ ቁርጡን ተናገረች። “እስከ ቅዳሜ አይሻለሁ። እህል ከበላሽ እሰየው። ካልበላሽ እሑድ ይዤሽ ነው የምሄደው። አልጋሽን አንጥፌ ነው የመጣሁት።”

ወይንሸት ያንን አልጋ ታውቀዋለች። ካቻምና ክረምት አንድ ወር ተኝታበታለች። አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ጎረቤቱ በሩን ዘግቶ ይገባል፣ ዘግቶ ይወጣል። ልጅዋን ትወዳታለች። ግን እዚህ ለገሃሬ ሰፈር ጠዋት በሯን ስትከፍት አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዱ በሶማልኛ “እንዴት አደርሽ” ይላታል። አሁን ከሄደች ደግሞ እንደ ካቻምናው መመለስ የለም። የምትኖርበት የኪራይ ቤት ነው፤ ዘግታው ከሄደች ሌላ ሰው ይገባበታል።

ስለዚህ በዚያው ቀን ምሳ ላይ አታለለች። እየጠቀለለች ልጅዋን ታጎርሳለች፤ “በሞቴ! አንዴ ብቻ!” እያለች ሰሃኑን በልጅዋ አፍ አራቆተችው። የምሥራች ጎረሰች፤ ምንም አላለችም።

አርብ ጠዋት ወይንሸት ዝንጅብል አልቆባት ወደ ቀፊራ ገበያ ወጣች።

ገበያው አፋፍ ላይ፣ ወደ ደቻቱ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ፋርቱን ፋራህ የምትባል ሴት ጃንጥላ ዘርግታ ትቀመጣለች። በቀኝዋ ዝንጅብል፣ ቀረፋ፣ ሄልና ቅርንፉድ ደርድራ ትሸጣለች፤ በግራዋ ከሰል ላይ ማንቆርቆሪያ ጥዳ ሻይ ታፈላለች። ሃምሳዎቹን ያጋመሰች፣ ድምጿ ደቻቱን ተሻግሮ የሚሰማ ሴት ናት። እንደ ድሬ ሰው ሁሉ ትልቅ ትንሽ ሳትል ማንንም አንተ፣ አንቺ ነው የምትለው።

“አባዮ!” አለች ወይንሸትን ገና ከሩቅ። “እህቴ፣ በዚህ ሳምንት ሦስተኛሽ ነው። ቤትሽ ሠርግ አለ እንዴ? እኔን ሳትጠሪ?”

“ምን ሠርግ አለ፣ ሆዴ ነው እንጂ። ግማሽ ኪሎ መዝኚልኝ። ደረቁን።”

“ግማሽ ኪሎ ላንድ ሆድ?” ፋርቱን ሚዛኑን አስቀመጠችው። “እንዴት አድርገሽ ነው የምትጠጪው?”

ወይንሸት ከፋሲካ ጀምሮ ያለውን ዘርዝራ ነገረቻት። ስንት እንደምታደርግ ስትጠየቅም ጭብጧን ጨብጣ አሳየች።

“በባዶ ሆድ?”

“መድኃኒት በባዶ ሆድ አይደል እንዴ?”

“ወላሂ!” ፋርቱን ጭኗን መታች። “ሰው ነው የምታክሚው ግመል? አቦ፣ ግመልም ይህን ቢጠጣ በረሃውን አቋርጦ ጀልዴሳ እስኪደርስ አይቆምም!”

ከጎን ያሉት ሽንኩርት ሻጮች ሳቁ። ወይንሸት ደሟ ፈላ። “አንቺ ዳዴ ስትዪ እኔ የባቡር መንገደኛ አበላ ነበር። ዝንጅብል አታስተምሪኝ። መዝኚ!”

“አልሸጥልሽም።”

“ምን አልሽ?”

“ላንቺ ዝንጅብል የለኝም።”

“ይሄ የተቆለለው ምንድን ነው ታዲያ?”

“እሱ ለሰው ነው። ቁጭ በይ።”

ወደ ሌላ ሻጭ መሄድ ትችል ነበር። ግን ፀሐዩ ከርሮ ነበር፤ ጉልበቷም ደክሟል፤ የጠዋቱ ሦስት ስኒ ደግሞ ከደረቷ በታች እንደ ፍም ይፋጃታል። ተኮሳትራ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

ፋርቱን መጀመሪያ ቁራሽ ዳቦ አስያዘቻት። “ይህቺን ግመጪ። ቀስ ብለሽ አላምጪ፤ ባቡሩ አያመልጥሽም።”

ከዚያ እርጥብ ዝንጅብል አንሥታ አፈሩን አጠበች፤ ልጣጩን በማንኪያ ጠርዝ ፋቀችው። አልወቀጠችውም። በቢላዋ እንደ ጥፍር እያሳሳች አምስት ቁራጭ ብቻ ብርጭቆ ውስጥ ጣለች፤ የፈላ ውሃ አፈሰሰችበትና በኩባያ ማስቀመጫ ሳህን ከደነችው። እሳቱ ላይ አልመለሰችውም። ሁለት ደንበኛ ሸኝታ መጣችና ክዳኑን አነሣችው፤ ከስኳርም ለምልክት ያህል ጣል አደረገችበት።

ወይንሸት ወደ ብርጭቆው ተመለከተች። እንደ ገለባ የነጣ ነው። “ይሄማ ውሃ ነው።”

“ቀጭን ነው። ቀጭን መሆን አለበት። ሆድሽ ተለብልቧል፤ በተለበለበ ገላ ላይ ሚጥሚጣ የሚነሰንስ ማን አለ? ፉት እያልሽ ጠጪ።”

ፉት አለች። ሊያቃጥላት ነው ብላ ጠበቀች፤ አላቃጠላትም። ሙቀቱ ቀስ ብሎ ወረደ፤ የሚያውቃት ሰው ሆዷን በመዳፉ የዳበሰላት ያህል ተሰማት። ግማሹን እንዳደረሰች ሳታስበው አንድ ትልቅ ግሳት አመለጣት። በእፍረት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

“አልሐምዱሊላህ!” አለች ፋርቱን ገበያው እስኪሰማ። “ወጣ! ከፋሲካ ጀምሮ ተከራይቶ የተቀመጠው ወጣ!”

ወይንሸት ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። በሦስት ሳምንት ውስጥ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር።

ስትነሣ ፋርቱን አውራ ጣት የምታህል እርጥብ ዝንጅብል በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻት። “እህል ቀምሰሽ፣ በቀን ሁለቴ። ይህቺ እስከ ሳምንት ታደርስሻለች። እኔ ሻይ ሻጭ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ካልተሻለሽ ወደነሱ ተመለሺ። ያንን ጭብጥሽን ግን ሁለተኛ እንዳላይ!”

ወደ ቤቷ ስታዘግም ነገሩ ገባት። ሦስት ሳምንት ሙሉ በራሷ እጅ ራሷን ስታቆስል ነበር። አፈረች፤ ከእፍረቷ ይልቅ ግን ፍርሃቱ ባሰ። ይህን ለልጅዋ ብትነግራት “ይኸው፣ ብቻሽን ልትቀመጪ አትችይም” ትላታለች። ባትነግራት ደግሞ ነገ ሰሃን ሙሉ መብላት አትችልም፤ ሆዷ በአንድ ቀን አይድንም። ከራት በኋላ ቀጭኗን ዝንጅብል ጠጥታ ተኛች። ቃር ሳይቀሰቅሳት አደረች።

ቅዳሜ ምሳ ሲደርስ፣ ከማሰሮው የተረፈውን ጥቁር ዝንጅብል በስኒ ቀድታ ልጅዋ ፊት አስቀመጠች።

“ቅመሺው።”

የምሥራች ተጎነጨች። ዓይኗ ፈጠጠ፤ አሳላት፤ ውሃ ፍለጋ ተነሣች። “እማዬ! ይሄ ምንድን ነው? ይሄን ነው የምትጠጪው?”

“በባዶ ሆዴ። ሦስት ስኒ። ከፋሲካ ወዲህ።”

የምሥራች ልትስቅም ልታለቅስም ቃጣት። “ብቻሽን አትቀመጪ የምልሽ ለዚህ ነው እኮ!”

“እውነትሽን ነው፤ ብቻዬን ሆኜ ነው ያጠፋሁት። ግን ጥፋቴን ያየችልኝ ዝንጅብል ሻጭዋ ያለችው እዚህ ቀፊራ ነው፣ የምሥራች። አንቺ ጋ ፎቅ ላይ ጭብጤን የሚያይ ማን አለ? አንቺ ጠዋት ትወጫለሽ፣ ሲመሽ ትገቢያለሽ።”

ምሳው የድንች አልጫ ነበር። ወይንሸት በዚህ ቀን ማንንም አላጎረሰችም። ትንሽ ትቆርሳለች፣ ታላምጣለች፣ ታርፋለች፣ እንደገና ትቆርሳለች። ሰሃኑ ላይ ሢሶው ሲቀር እጇን ሰበሰበች።

“አልጨረስኩም” አለች። “የበላሁት ግን የገባው እኔው ሆድ ውስጥ ነው፤ ያንቺ አፍ ውስጥ አይደለም።”

“ሐሙስ ዕለት አይቼሻለሁ እኮ።”

“አይተሽ ዝም አልሽ?”

“ጉርሻሽ ናፍቆኝ ነበር” አለች የምሥራች።

ከሰዓት በኋላ ልጅቱ ብቻዋን ወደ ቀፊራ ሄደች። ተመልሳ ስትመጣ ጫማዋን እያወለቀች፣ “ያቺ ሴትዮሽ ለማንም አትመለስም” አለች። “እናቴ ካልበላች ይደውሉልኝ ብዬ ስልክ ቁጥሬን ብሰጣት፣ ‘ላንቺ ደውዬ ምን ልታደርጊ ነው ከአዲስ አበባ? ካልበላች እኔ አበላታለሁ። ስትበላ ግን እደውልልሻለሁ’ አለችኝ። ‘አንቺ ልጅ፣ አንቺም ከስተሻል፣ ቁጭ በይ’ ብላ ዳቦ አስገመጠችኝ።”

“በላሽ?”

“እምቢ ይባላል እንዴ?”

የተነጠፈው አልጋ ነገር ሁለተኛ አልተነሣም። እሑድ ጎህ ሳይቀድ የምሥራች አንዲት ሻንጣዋን ይዛ፣ እናቷን ሁለት ጊዜ ስማ፣ አውቶቡስ ተሳፈረች። ወይንሸት ከመናኸሪያው በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ለመለመን ነበር ልማዷ፤ የዚያን ቀን ግን የምትለምነው አጣች። ሆዷ እህል ይዟል፤ ቤቷ አልተዘጋም፤ ልጅዋ አኩርፋ ሳይሆን ስቃ ሄዳለች። “ተመስገን” አለች። ቀጥላም በዚያ ቅጥር ግቢ ማንም የማይጠራበትን ስም በቀስታ ጠራች፦ “ፋርቱን ፋራህን አስብልኝ።”

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ጃንጥላው ሥር ደረሰች። በትንሽዬ ድስት የሠራችውን ምስር ወጥ ይዛለች። ሥጋ ያልሆነውን የመረጠችው ፋርቱን እንድትበላላት ነው፤ ድሬ ላይ ይህን የማያውቅ ጎረቤት የለም።

“ትናንት በቅዳሴ ስምሽን ጠራሁልሽ” አለቻት።

“በአማርኛ ነው በግዕዝ?”

“በአማርኛ።”

“እሺ፣ ይሰማል።” ፋርቱን ክዳኑን ከፍታ አሸተተች። “እኔ ደግሞ አርብ ዕለት ዱዓ አድርጌልሻለሁ። ቀድሜሻለሁ።”

“እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ። ዝንጅብል ስለከለከልሽኝ።”

ፋርቱን በርጩማውን ወደ ጥላው ሳበችላት፤ ምስሩን ሁለት ቦታ ከፈለችና የወይንሸትን ድርሻ ፊቷ አኖረች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ የምሥራችን ቁጥር መፈለግ ጀመረች።

“ጉረሺ” አለቻት። “እየደወልኩ ነው።”