ለሕያው የቃምሁት ንፍሮ

በማንኩሳ ዙሪያ ሰው ሲሞት ከቄሱ ቀጥሎ የሚጠራው እኔ ነበርሁ። ክንዱ እባላለሁ። ገበሬ ነኝ፤ ግን እርሻዬን ማን አየልኝ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው እግሬን ነው። ሞባይል ሳይመጣ፣ መኪናውም ከዋናው መንገድ ሳይወጣ፣ ሩቅ አገር ላገባች ልጅ፣ አገር ለቆ ለሄደ ወንድም መርዶ የማደርሰው እኔ ነኝ። ሌላው ሁለት ቀን የሚለፋበትን የሰከላን ዳገት በቀን ተኩል እጨርሰዋለሁ። ገሳዬን ደርቤ፣ በሶዬን ቋጥሬ ብቅ ስል በየመንደሩ ያሉ ሴቶች ደረታቸውን ይይዛሉ። እኔ ደግሞ በዚህ እኮራ ነበር፤ ምን ዓይነት ኩራት እንደሆነ እንጃ።

መርዶ ይዞ የሚሄድ ሰው "ሞተ" አይልም። ወጉ ነው። "ትንሽ አሟቸዋል፣ ድረሺ ተብለሻል" ይላል እንጂ፣ ሞቱን የሚያረዱት ኋላ ሽማግሌና ቄስ ናቸው። እኔ ግን ከወጉም አልፌ እምል ነበር። ልቅሶ የጀመረ ሰው ዳገት አይወጣም። በየድንጋዩ ይቀመጣል፣ ገደል አፋፍ ላይ ራሱን ልወርውር ይላል፣ እሱን ስትደግፍ ትውላለህ። ስለዚህ "ግሽ ሚካኤልን፣ ደህና ናቸው፤ ቁጭ ብለው ጠላ ይጠጣሉ" እላለሁ። ሰውየው ተስፋ ይዞ ይሮጣል፣ እኔም በጊዜ ቤቴ እገባለሁ። ለእነሱ አዝኜ ነው እያልሁ ስንት ዓመት ራሴን ሸነገልሁ። ያዘንሁስ ለወገቤ ነው።

አቶ ገብረሰንበት ሲሞቱ ልጃቸውን ሥርጉትን ያመጣኋት በዚሁ መሐላ ነው። ሥርጉት ከግሽ ዓባይ ማዶ፣ ጉም ከማይለየው ተራራ ላይ ትኖራለች። እናቷ እመት ባንቺአየሁ ያጩላትን ባል ትታ አንዷለም የሚባል ደገኛ ተከትላ ብትጠፋ፣ እናትየው ጡታቸውን ይዘው "የጠባሽው ይፋረድሽ" ብለው ረገሟት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ልጅ ወልዳ ሁለቱም ክርስትና ሳይነሡ ሞቱባት። አባቷ ግን አልጨከኑባትም ነበርና፣ ታመሙ ስላት አንድ ቅል ማር ይዛ ተነሣች። "አያ ክንዱ፣ ማሩ ደረታቸውን ያለሳልሳል አይደል?" እያለች ስትጠይቀኝ "እንዴታ" እያልሁ ተራራውን አስወረድኋት። ዳሱ ፊት ስንደርስ ለቀስተኛው ተንጫጫ። እሷ ማሩን እንዳቀፈች፣ የት እንደምታስቀምጠው አጥታ ቆመች። እናቷም ፊታቸውን አዙረውባት፣ ቃል ሳትሰማ ተመለሰች።

የመሬት ድልድል በሆነ በዓመቱ፣ ሐምሌ ላይ፣ እመት ባንቺአየሁ አልጋ ያዙና አስጠሩኝ።

"ክንዱ፣ ሳልሞት ልጄን አምጣልኝ" አሉ። "በአፌ የረገምሁትን በአፌ ላንሣ። ራሷ ላይ እንትፍ ሳልልባት፣ ይቅር ብያለሁ ብዬ በሰው ብልክ አይሽርም። ሌላ ብትወልድ ያም ይሞትባታል። በዚህ ሐሳብ እንዴት ልሙት?"

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ተነሣሁ። ዝናቡ አያፈናፍንም፣ ጭቃው ኮንጎ ጫማዬን እየነጠቀ ያስቀረዋል። ወንዙን ስሻገር ውኃው እስከ ብብቴ ደረሰ፣ በሶዬንም ወሰደብኝ። ማታ ከማላውቀው ሰው ቤት አደርሁ፤ ድሆች ናቸው፣ ለልጆቻቸው እንኳ አልበቃቸውም፣ "በልቻለሁ" ብዬ ተኛሁ። በማግስቱ በአስታው ቁጥቋጦ መሃል፣ በጉም ውስጥ ዳገቱን ስወጣ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ይህን መንገድ የሞተ ሰው ስም ይዤ እንደሄድሁ አሰብሁ። አሁን በሕይወት ያለ ሰው ነው የላከኝ። ድካሙ ተረሳኝ፣ አፌን ሞልቼ የምናገረው ነገር ስላለኝ ደስ አለኝ።

ማክሰኞ ቀትር ላይ ደረስሁ። ሥርጉት ከጓሮ ጎመን ስትቀነጥስ አየችኝ። ገና አፌን ሳልከፍት እጇን ራሷ ላይ ጭና "ወይኔ እናቴ" አለች።

"አልሞቱም። እርግማኑን ሊያነሡልሽ ይጠሩሻል። አሁኑኑ ተነሺ" አልኋት።

ባሏ አንዷለም ከቤት ወጣ። "አያ ክንዱ፣ ማርም እንያዝ እንዴ?" አለኝ።

"ግሽ ሚካኤልን፣ ደህና ናቸው" አልሁ፤ የለመደ አፍ። መሐላዬን ሲሰሙ በጩኸቷ የተሰበሰቡት ጎረቤቶች ጭራሽ እሪ አሉ። ወዲያው ሴቶቹ ለልቅሶው ንፍሮ ጉልቻው ላይ ድስት ጣዱ።

ሥርጉት ግን ክንዴን ይዛ ወደ ጓዳ አገባችኝ። "አንቱ፣ እስቲ ለነፍስዎ ብለው፣ እናቴ በሕይወት አለች?"

"በሕይወት አሉ። 'ራሷ ላይ እንትፍ ሳልልባት እንዴት ልሙት' ብለዋል። እኔ ይህን ከየት አመጣዋለሁ፣ ሥርጉት?"

ክንዴን ለቀቀች። ከዚያ "መቀነቴን ላጥብቅና እንሂድ" አለች። አምናኛለች። ያን ሰዓት ብንነሣ ረቡዕ ማታ እናቷ ደጃፍ ነበርን።

እኔ ደጅ ወጥቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። አንዲት ጎረቤት በሰፌድ የባቄላና የስንዴ ንፍሮ ይዛ ዞረችና መዳፌ ላይ አፈሰሰችልኝ። ከሰኞ ጀምሮ እህል አፌ አልገባም። ትኩስ ነው፣ ይሸታል። እጄ ወደ አፌ ሄደ። የልቅሶ ንፍሮ ለሕያው ሰው እንደማይበላ ሕፃን ያውቃል፤ ሞት መጥራት ነው፤ ላልሞተ ሰው የሚቅመው የለም። እኔ ግን ቃምሁ፣ ደግሜም ቃምሁ።

ቀና ስል ሥርጉት መቀነቷን አጥብቃ፣ ዱላ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። የምታየው እጄን ነው።

"አይ አያ ክንዱ" አለች ቀስ ብላ። ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ተፋሁት። "ርቦኝ ነው፤ በሶዬን ወንዝ ወስዶብኝ ነው" እያልሁ ለመንሁ። አንዷለም ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ይበቃል፣ ወጉን አድርሰዋል፣ አሁን ይረፉ" አለኝ። ከሁሉ የጎዳኝ ደግነቱ ነው።

ለሬሳ ምን ያስቸኩላል? ለቀስተኛ እስኪሰበሰብ አደርን። ረቡዕ ረፋድ ላይ ሃያ ሰው ሆነን ተነሣን፣ አሮጊቶችም አሉበት። በየመንደሩ እየቆሙ ያለቅሳሉ። እኔ ፊት ፊት እየሄድሁ ዞሬ አያለሁ፤ ጉሙ ውስጥ እንደ ቀንድ አውጣ ይሳባሉ። "ፍጠኑ" ስል "አንተ ሰው፣ ኀዘን አይገባህም?" ብለው ተቆጡኝ።

ዓርብ ጠዋት ደረስን። የእመት ባንቺአየሁ እኅት እታለም ወደ ሥርጉት ሮጣ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት። "ትናንት ጎሕ ሲቀድ አረፈች። ትናንት ቀበርናት። እስከ ረቡዕ ማታ በሩን እያየች 'ልጄ መጣች?' ስትል ነበር፤ ከዚያ ምላሷ ተያዘ" አለቻት።

ሥርጉት አላለቀሰችም። ዞራ አየችኝ። መሬቱ ቢውጠኝ በወደድሁ።

ቅዳሜ ሠልስቱ ነው። ዳሱ ሞልቷል፤ ቄሶቹም ሽማግሌዎቹም ተቀምጠዋል። ሥርጉት በሰው መሃል አልፋ መጣችና እግሬ ሥር ተንበረከከች።

"አያ ክንዱ፣ እውነቱን ነግረውኝ ነበር። ያላመንሁ እኔ ነኝ። እናቴን በር በር እያየች ያስቀረኋት እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ዳገት ለኔ ብለው ለፍተው፣ ውሸታም አደረግሁዎት። ይቅር ይበሉኝ።"

የሐሰት መሐላዬን ሁሉ፣ ወገቤን፣ የቃምሁትን ንፍሮ ልናገር ነበር። ሰው ሁሉ ያየኛል። አንድ ሽማግሌ "ይቅር በላት እንጂ፣ ምን ያስጨንቅሃል" አሉኝ።

"ይቅር ብያለሁ" አልኋት።

ጉልበቴን ስማ ተነሣች።