ዘውዲቱ መጥታ ነበር

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ጾም አፍርሻለሁ፣ ሰው አምቻለሁ እያልኩ ስንት ጊዜ ተናዝዣለሁ፤ ይህችን ግን እየዘለልኩ እዚህ ዕድሜ ደረስኩ።

ዘውዲቱ የምትባል ሸክላ ሠሪ ጎረቤት ነበረችን። መንደሩ በሙሉ እሷ በሠራችው ጋን ጠላ ይጠምቃል፤ እሷን ግን ቡዳ ናት ብሎ ቤቱ አያስገባም። እኔ አስገባት ነበር። እንዋደድ ነበር።

አንድ ጠዋት ያዘዝኳትን ማሰሮ አመጣችልኝ። የአራት ዓመት ልጄን ጸጉሯን ዳበስ አድርጋ ሄደች። ቀትር ላይ ልጄን ማስመለስ ጀመራት፤ ዓይኗ ተገለበጠ። ጎረቤት ቤቱን ሞላው። አማቴ፣ «ዛሬ ማን አይቷታል?» ብለው ጠየቁ።

እኔ እኮ አውቅ ነበር። ወተት የሰጠኋት የነቀዝ መድኃኒት በለካሁበት ጣሳ ነው። በደንብ አላጠብኩትም። ሰው ሳይመጣ አሽትቼው፣ ገብቶኝ፣ ደብቄዋለሁ። ማንን ፈራሁ? ባሌን? አማቴን? ወይስ ልጇን የመረዘች እናት መባልን?

«ዘውዲቱ መጥታ ነበር» አልኩ።

አዎ፣ መጥታ ነበር። ከዚህ የከፋ ውሸት ግን ተናግሬ አላውቅም።

ልጄ በሦስተኛው ቀን ዳነች። እስከዚያ ግን ወንዶቹ ሄደው የዘውዲቱን ሸክላ አንድ ሳያስቀሩ ሰባብረው ነበር። ልጄ ገና ሳትድን፣ በሁለተኛው ቀን ደጄ መጥታ ቆመች።

«እህቴ፣ አንቺ ታውቂኛለሽ። እባክሽ ንገሪያቸው» አለችኝ።

በሩን ዘጋሁባት። እኔ ነኝ የዘጋሁት፤ ማንም አላዘዘኝም። በዚያው ሌሊት ከነልጆቿ አገር ለቃ ሄደች።

አምና ደብረ ታቦር ገበያ ወጥቼ፣ ሕንፃ ከሚሠራበት ቦታ አሸዋ ስትሸከም አየኋት። ጎብጣለች። ዛሬስ እነግራታለሁ ብዬ ተጠጋሁ። እሷ ቀደመችኝ።

«ያቺ ልጅሽ ተረፈች?»

«ተርፋለች። አግብታ ወልዳለች።»

«እሰይ! ተመስገን!» አለችና እንባዋ መጣ። «እውነትም የኔ ዓይን ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ኖርኩ። ከዚያ ወዲህ የሰው ልጅ ዳብሼ አላውቅም።»

የራሷን ልጆች እንኳ ፈርታ ይሆን? አልጠየቅኳትም። «አንቺ አይደለሽም» ማለት ምን ይከብዳል? አላልኩም። አሠሪው ጠራት፤ ሸክሟን አንስታ ሄደች።

ፈርቼ ነው አልላችሁም። ባሌም አማቴም ከሞቱ ቆይተዋል፤ የምፈራው ሰው አልነበረም። መጀመሪያ በፍርሃቴ አሳበብኩ፤ የገበያውን ቀንስ በምን ላሳብብ? ይቅር በሉኝም አልላችሁም። ይቅርታው የእናንተ አይደለም፤ የእሷ ነው። እሷ ደግሞ ምን እንዳደረግኳት እስከ ዛሬ አታውቅም።